ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከሕፃን ጋር
ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ፣ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ከመውረድ ይልቅ መኪና ይበጃል ባይ ነኝ፤ ልጅ ሲያለቅስ ይቆማልና። መንገዱ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስተን ጣርማበርን ስንወርድ ከ2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ወደ 1 ሺህ 300 እንዘቀዝቃለን። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሕፃኑን ከጋቢው አውጡት፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ ከስድስት ወር በላይ ከሆነ ንጹህ ውሃም ስጡት። ለምሳ ስትወርዱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ለአፍታም አትተዉት።

የይፋት ቆላ ወባማ ነው፤ ካደራችሁ አጎበር አይለያችሁ። ከተመለሳችሁ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ልጁን ቢያተኩሰው፣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ። በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱትና «ሸዋ ሮቢት አድረን ነበር» በሉ። እኛ ሐኪሞች አዲስ አበባ ተቀምጠን መንገዳችሁን ሳንጠይቅ ልንቀር እንችላለን፤ ያቺ አንዲት ቃል ግን የደም ምርመራውን ታፋጥናለች፤ ሕይወትም ልታተርፍ ትችላለች።