ማክዳ የጠየቀችው ውሃ ነው

ክብረ ነገሥት ውስጥ የፍቅር ታሪክ አለ የሚል ሰው መጽሐፉን አላነበበውም። ከባድ አነጋገር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የሳባና የሰሎሞን “ፍቅር” በዘፈኑም፣ በሆቴሉ ግድግዳም፣ በሠርግ አዳራሹም ሲቀርብልን ስላደግን፣ ያቺ ሌሊት ምን እንደነበረች የሚጠይቅ ጠፋ።

እስቲ እንጠይቅ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አሁን የምናውቀውን መልክ የያዘው ይህ መጽሐፍ እንደሚለው፣ ንግሥቲቱ ኢየሩሳሌም የወረደችው ባል ፍለጋ አይደለም። ታምሪን የሚባል ነጋዴዋ የሰሎሞንን ጥበብ አውርቶላት፣ 797 ግመል አስጭና ልትማር ነው የሄደችው። ተማረች፣ አምላኩን አምላኳ አደረገች፣ በቃ ልመለስ አለች። ንጉሡ ግን ልጅ ሊወልድ አስቧል። ግብዣ ደገሰ፤ ሆን ብሎ፣ ውሃ እንዲያስጠማት፣ ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ምግብና ሆምጣጤ የተቀላቀለበት መጠጥ አቀረበላት። ከዚያ “እዚሁ እደሪ” መጣ።

እሷ ሞኝ አልነበረችም። በጉልበት እንዳይነካት በአምላኩ አስማለችው። እሱም በተራው ከቤቱ ምንም ነገር በጉልበት እንዳትወስድ ማይልኝ አላት። ሳቀችበት፤ የራሷ ሀብት የተረፋት ንግሥት ምን ጎድሏት ትሰርቃለች? ሌሊት ጉሮሮዋ ደርቆ ነቃች። ሰውየው የተኛ መስሎ ያያታል። ውሃውን ልታነሳ ስትል እጇን ያዘ፤ መሐላሽን አፍርሰሻል አላት። ውሃ መጠጣት መሐላ ማፍረስ ነው እንዴ ብላ ተከራከረች። በመጨረሻ ውሃውን እንድትጠጣ ብቻ ከመሐላው ፈታችው።

ይሄ ነው እንግዲህ “ፍቅሩ”። በጥም የተገኘ እሺታ!

ይህን ስል የሚመጣልኝን መልስ አውቀዋለሁ፦ “የጥንቱን መጽሐፍ በዛሬ መነጽር አትይ።” ኧረ መነጽሩ የመጽሐፉ የራሱ ነው። መሐላውን እኔ አልጨመርኩትም። አንዲት ሴት፣ ያውም ንግሥት፣ በእንግድነት ባደረችበት ቤት ከመተኛቷ በፊት ባለቤቱን ማስማል እንዳለባት ያ የጥንት ጸሐፊ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ለእሱ ጉዳዩ የእግዚአብሔር ዕቅድ ነው፤ ታቦቱና ክብሩ ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገርበት መንገድ ነው። ሻማና ጽጌረዳ የጨመርንበት እኛ ነን፤ ያ ዛሬ የመጣ መነጽር ነው።

ሆሊውድ ደግሞ ባሰበት። እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣው “ሰሎሞንና ሳባ” ፊልም ንግሥቲቱን ጣሊያናዊቷ ጂና ሎሎብሪጂዳ ሆና ስትመጣ፣ ከግብፅ ፈርዖን ጋር ዶልታ ሰሎሞንን በውበቷ ልትጥል የመጣች ሴት ናት። ወጥመዱ ከእሱ እጅ ወጥቶ እሷ እጅ ገባ ማለት ነው። የኛዎቹ ሠዓሊዎች ይሻላሉ። ካለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ለፈረንጅ ሲሸጡት በኖሩት፣ ዛሬም ቸርችል ጎዳና ላይ ተጠቅልሎ በሚሸጠው በሣጥን በሣጥን የተከፋፈለ ሥዕል ውስጥ፣ ቢያንስ ማድ ቤቱ አይደበቅም፤ በርበሬው አለ፣ የውሃው ማሰሮ አለ። እንዲያውም በሥዕሉና በአፍ በሚነገረው ተረት መጽሐፉ ውስጥ የሌለች ሌላ ሴት አለች፦ ገረዷ። እሷም ይጠማታል፣ እሷም ትያዛለች፤ የዛጉዌን ነገሥታት ዘር ከሷ ልጅ የሚቆጥር ትውፊትም አለ። በአንድ ሌሊት ሁለት ሴቶች፣ አንድ ማሰሮ። ገዢው አስተናጋጁን “ውብ የፍቅር ታሪክ ነው” እያስባለ ወደ ሻንጣው ይከተዋል።

ነገሩ የሥዕልና የፊልም ብቻ ቢሆን ባልተንጨረጨርኩ። የ1923ቱም የ1948ቱም ሕገ መንግሥት የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ነው የሚቆጥሩት። የመንግሥት ሕጋዊነት በዚያች ማሰሮ ላይ ተተክሎ ነበር፤ እስከ 1967። ማክዳ ከዚህ ምን አተረፈች? መጽሐፉ ውስጥ ዙፋኑን ለልጇ ስታስረክብ፣ ከእንግዲህ በኢትዮጵያ ሴት እንዳትነግሥ የሚል መሐላ አብሮ ይገባል። መሐላ ያስያዛት ቤት በሌላ መሐላ ዘጋባት። ዘውዲቱ በ1909 ስትነግሥ ይህ ቃል በግዕዝ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ነበር። ይህን በዘፈን የሰማ ካለ እጁን ያውጣ።

መጽሐፉ ይቃጠል አላልኩም፤ እወደዋለሁ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመቅደላ የተዘረፈውን ቅጂ ከእንግሊዞች ጽፈው ያስመለሱት መጽሐፍ ነው። ልክ ለዚህ ነው ሲቀባባ የሚያናድደኝ።

ለሠዓሊዎቹ ግን ትእዛዝ አለኝ፤ ከፍዬ ነው የምወስደው። አልጋውን ተዉት። ግመሎቹ ሲጫኑ፣ ታምሪን ሲያወራላት፣ ሰሎሞንን ስትጠይቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቆማ ንጉሡን ስታስምለው ሣሉልኝ። እሱ ሣጥን ከሌሎቹ ሁሉ ይተልቅ።