ፈረስ ያደርሳል እንጂ…

ስለ ሞተር ሳይክል ወሬ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ሲሲ ነው?» የሚል ነው፡፡ ጠያቂው መልሱን እንደ ሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ በአድናቆት፣ ዝቅ ካለ በትዝብት፡፡ እኔ ቁጥር የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ እንጀራዬ ነውና፡፡ ነገር ግን ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ስደምርና ሳመሳክር የተረዳሁት አንድ እውነት አለ፡፡ ቁጥር ስለ ገዘፈ ሀብት ገዘፈ ማለት አይደለም፤ ዕዳም በትልቅ ቁጥር ይጻፋል፡፡

ዛሬ ላወዳድራቸው የወደድሁት ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 2000 ድረስ ለአሸዋ፣ ለድንጋይና ለጭቃ ተብለው የተሠሩትን ባለ ግዙፍ ሞተር ሳይክሎች ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ «እነዚህን ከቅኔና ከልብ ወለድ ጋር ምን አገናኛቸው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም፡፡ በእኔ እምነት ማሽንም ይነበባል፡፡ ሠሪው ስለ ነጂው ምን እንዳሰበ፣ ምን ያህል እንዳከበረውና ምን ያህል እንዳመነው በብረት የጻፈበት ድርሰት ነው፡፡ እነዚህን ድርሰቶች ሳነብ የምይዘው ሚዛን ግን ሲሲም የፈረስ ጉልበትም አይደለም፤ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፡፡ ሰው በማይገኝበት ምድረ በዳ ሲወድቅ ነጂው ብቻውን ሊያነሣው ይችላልን? ድንገት ዝም ሲል ነጂው ብቻውን ሊያናግረው ይችላልን?

ወደ ማወዳደሩ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ጥቂት ልበል፡፡ በአንድ ሰፊ ሲሊንደር ውስጥ አንድ ትልቅ ፒስተን ብቻውን ይወጣል፣ ብቻውን ይወርዳል፡፡ ምቱ እንደ ከበሮ የተራራቀና ከባድ ነው፡፡ ሞተሩ ብዙ ሳይዞር ጉልበት ስለሚሰጥ በአሸዋና በዳገት ላይ ነጂው ማርሽ በመቀያየር አይጨነቅም፡፡ ዕቃውም ጥቂት ነው፤ የሚፈታው ብሎን፣ የሚጠረጠረው ክፍል በጣት ይቆጠራል፡፡ ዋጋው ደግሞ መንቀጥቀጡ ነው፡፡ ረጅም መንገድ የሄደ ነጂ እጁ እየደነዘዘ፣ ብሎኖቹም እየላሉ ይደርሳል፡፡ ሌላው ዋጋ ማስነሣቱ ነው፡፡ ያን ትልቅ ፒስተን በእግር ረግጦ መግፋት ቀልድ አይደለም፡፡

የወገኑ ሁሉ አባት ብዬ የምጠራው በ1976 ለገበያ የወጣውን የያማሃ ኤክስቲ 500 ነው፡፡ 499 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ክብደቱ ያለ ነዳጅ ወደ 140 ኪሎ የሚጠጋ፤ የሞተሩን ዘይት እንኳ ለብቻው በተሠራ ዕቃ ሳይሆን በራሱ የአካል ቱቦ ውስጥ የሚሸከም ነበር፡፡ የማስነሻ አዝራር አልነበረውም፡፡ በሞተሩ አናት ላይ አንዲት ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች፡፡ ነጂው በግራ እጁ አንዲት ዘንግ ስቦ የታመቀውን አየር እያስተነፈሰ፣ ምልክቱ በመስኮቷ ብቅ እስኪል ድረስ መርገጫውን በቀስታ ይገፋል፡፡ ምልክቱ ሲታይ ዘንጉን ለቅቆ በሙሉ ኃይሉ ይረግጣል፡፡ ሥርዓቱን ያጓደለ እንደሆነ መርገጫው ተመልሶ እግሩን ይመታዋል፡፡

ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፡፡ እኔ ግን ከመልካም ባሕርዮቹ ዋነኛው ይመስለኛል፡፡ ያቺ መስኮት ነጂውን በየማለዳው ወደ ሞተሩ ውስጥ እንዲመለከት ታስገድደዋለች፡፡ ፒስተኑ የት እንዳለ ሳያውቅ ከቤቱ አይወጣም፡፡ ሠሪው ለነጂው «አንተም ከሥራው ድርሻ አለህ» ብሎታል ማለት ነው፡፡

በጥር 1977 ፈረንሳዊው ቲዬሪ ሳቢን ከአቢጃን ወደ ኒስ በሚደረገው ውድድር ላይ ሳለ በዚሁ ሞተር ሳይክል የሊቢያ በረሃ ውስጥ መንገድ ጠፋበት፡፡ ለሞት ከተቃረበ በኋላ ተገኝቶ ዳነ፡፡ ሌላው ሰው ቢሆን በረሃን ዳግመኛ ባላየ ነበር፤ እርሱ ግን ሌሎችንም ይዞ ተመለሰ፡፡ ታኅሣሥ 26 ቀን 1978 ከፓሪስ የተነሣው የመጀመሪያው የፓሪስ–ዳካር ውድድር 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጥር 1979 ሴኔጋል ገባ፡፡ ከተነሡት 182 ተሽከርካሪዎች መጨረሻ የደረሱት 74 ብቻ ነበሩ፡፡ ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው ሲሪል ኔቩ ሲሆን፣ የተቀመጠበትም ኤክስቲ 500 ነበር፡፡ በ1980ም እንደገና በዚያው አሸነፈ፡፡

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን ትልልቆቹ አሸነፉ?» የሚል ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ በ1980 ቢኤምደብሊው አር 80 ጂ/ኤስ የተባለውን አወጣ፡፡ ሁለቱ ፊደላት በጀርመንኛ «ምድረ ገጽ» እና «መንገድ» የሚሉት ቃላት መነሻ ናቸው፡፡ 798 ሲሲ፣ 50 የፈረስ ጉልበት፣ እንደ ክንፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጉ ሁለት ሲሊንደሮች፣ ነዳጅ ሲሞላ ወደ 190 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት፡፡ አሸዋ የሚበላው ካቴና የለውም፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በተዘጋ ቱቦ ውስጥ በሚዞር ዘንግ ነው፡፡ በዚህ ሞተር መነሻነት በተሠሩ የውድድር ማሽኖች ዩቤር ኦሪዮል በ1981 እና በ1983፣ ቤልጂጋዊው ጋስቶን ራሂዬ ደግሞ በ1984 እና በ1985 ዳካርን አሸነፉ፡፡

ይህን ድል አልክድም፡፡ ነገር ግን ማን እንዳሸነፈ እንመልከት፡፡ ራሂዬ በ125 ሲሲ የሞቶክሮስ ውድድር ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፡፡ ቁመቱ አጭር ስለነበር በዚያ ግዙፍ ማሽን ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት በወጉ አይደርስለትም ነበር፡፡ እንዲህ ያለ ሰው ሲያሸንፍ የተመሰከረለት ብረቱ ነው ወይስ ሰውየው? ደግሞስ የፋብሪካ ተወዳዳሪ ማታ ሰፈሩ ሲደርስ መካኒክና መለዋወጫ ይጠብቀዋል፡፡ ለብቻው የሚጓዝ መንገደኛ ግን መካኒኩም ራሱ፣ መለዋወጫውም በሻንጣው ያለው ብቻ ነው፡፡ አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፡፡

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመግዘፍ ታሪክ ነው፡፡ ያማሃ በ1983 ኤክስቲ 600 ቴኔሬን አመጣ፡፡ 595 ሲሲ ሆኖ፣ 30 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሰልባትዮ ተሸክሞ፣ ስሙን ከኒጀር በረሃ ተውሶ የመጣ ነበር፡፡ ይህን መግዘፍ አልቃወምም፤ በረሃ ውስጥ ነዳጅ ዕድሜ ነውና፡፡ ሆንዳ ግን ኤንኤክስአር 750 በተባለ ባለ ሁለት ሲሊንደር የውድድር ማሽን ከ1986 እስከ 1989 አራት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ፡፡ የዚያን ዝና ለተራው ገዢ ለማካፈል በ1988 አፍሪካ ትዊንን በ647 ሲሲ አወጣ፤ በ1990 ደግሞ ወደ 742 አሳደገው፡፡ ሱዙኪ በበኩሉ አንድ ሲሊንደሩን ሳይለቅ ዲአር ቢግን በ1988 በ727 ሲሲ ጀምሮ ጥቂት ቆይቶ 779 አደረሰው፡፡ ለብዙኃን ገበያ በተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ አንድ ሲሊንደር አልታየም፡፡

አፍሪካ ትዊንን ሳየው ዘመኑን ሁሉ በጨዋነት ያገለገለ ሹም ይመስለኛል፤ በመንገድ ላይ እንደ እርሱ የሚታመን ጥቂት ነው፡፡ ነገር ግን ነዳጅ ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፡፡ አሸዋ ላይ አንዴ ሲተኛ ይነሣል፤ ሦስቴ ሲተኛ የነጂውን ወገብ ይጠይቃል፤ በስድስተኛው በጠራራ ፀሐይ ነጂው አጠገቡ ይቀመጣል፡፡ በረሃ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የሚጠጣው ውኃ እያለቀ መሆኑን እናስታውስ፡፡ ቁጥር ዕዳ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፡፡

በሁለቱም ጥያቄዎቼ ተመዝኖ ያልጎደለብኝ ከ1985 እስከ 2000 የተሠራው የሆንዳ ኤክስአር 600 አር ነው፡፡ 591 ሲሲ ቢሆንም ያለ ነዳጅ ከ125 ኪሎ በታች ነው፡፡ በነፋስ ይቀዘቅዛል፤ በእግር ብቻ ይነሣል፤ ባትሪ የለውም፡፡ ባትሪ የሌለው ነገር ባትሪ አይሞትበትም፡፡ ካንዴላውን ፈትቶ መጥረግ፣ የአየር ማጣሪያውን ማጠብ፣ ካቴናውን ማጥበቅ፣ የቫልቩን ክፍተት ማስተካከል፤ ትዕግሥት ያለው ሰው በጥቂት መፍቻ የሚወጣው ሥራ ነው፡፡ በ1990ዎቹ በአሜሪካ የጫካ ውድድሮች ስኮት ሰመርስ በዚሁ ማሽን ከእርሱ በጣም የቀለሉትን ደጋግሞ አሸንፎበታል፡፡ ጉድለቱ ደግሞ አይደበቅም፡፡ ወንበሩ እንደ ሳንቃ ይጠብባል፤ መብራቱ ደብዛዛ ነው፤ አጭር ሰው ሊወጣበት ይቸገራል፤ ሞተሩ ግሎ በወደቀ ጊዜ ማስነሣቱ ላብ ያስወጣል፡፡

ተቃራኒው ምሳሌ ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ነው፡፡ ከ1987 ጀምሮ እስከ 2018 ድረስ ብዙም ሳይለወጥ የተሠራ፣ በአዝራር የሚነሣ፣ 651 ሲሲ የሆነ የዋህ ማሽን ነው፡፡ ለረጅም አስፋልት ከኤክስአር ይልቅ እርሱን ብትመርጡ አልከራከራችሁም፡፡ የሚቀዘቅዘው ግን በውኃ ነው፡፡ ራዲያተር፣ ጎማ ቱቦ፣ ፓምፕ፣ ማራገቢያ ተጨመሩ ማለት ነው፡፡ ራዲያተሩን የበሳ አንድ ድንጋይ ጉዞውን ሊያስቀረው ይችላል፡፡

የሚቀርብብኝን ብርቱ ተቃውሞ ራሴ ላቅርበው፡፡ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን በ1973 በ500 ሲሲ ትራያምፍ ታይገር ከለንደን ተነሥቶ፣ ከሱዳን ወደ እኛ አገር ተሻግሮ፣ በኮረኮንቻችን አልፎ ወደ ኬንያ ወርዶ፣ በአራት ዓመት ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በመጓዝ 45 አገሮችን አይቷል፡፡ ጉዞውንም በ1979 በታተመው ዝነኛ መጽሐፉ ጽፎታል፡፡ ይኸው ሰው በ2001፣ በ69 ዓመቱ፣ ያንኑ መንገድ ዳግመኛ ሲጀምር የመረጠው ቢኤምደብሊው አር 80 ጂኤስን ነበር፡፡ እንግዲህ ዓለምን ያየ ሰው ትልቁን ከመረጠ እኔ ምን ቀረኝ?

የቀረኝ ነገር አለ፡፡ አር 80 በመጀመሪያው ጥያቄ፣ በክብደቱ፣ ይወድቃል እንጂ በሁለተኛው እንዲያውም ከብዙዎቹ ይበልጣል፡፡ የሲሊንደሮቹ አናት ለነፋስም ለእጅም ወደ ውጭ ቀርቧል፤ ነጂው ሰልባትዮውን ሳያወርድ፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ቫልቩን ያስተካክላል፡፡ ስለዚህ ልዩነቱ በአንድና በሁለት ሲሊንደር፣ በጃፓንና በጀርመን መካከል አይደለም፡፡ ልዩነቱ ለነጂው ክፍት በሆነና በተዘጋ ማሽን መካከል ነው፡፡ ከኤክስአር ቀጥሎ ሁለተኛውን ወንበር ለአር 80 የምሰጠው ስለዚህ ነው፡፡

የዳካር ውድድር ራሱ ወደዚሁ ሐሳብ በሌላ በር ገብቷል፡፡ ፍጥነቱ ሕይወት እያስከፈለ በመሄዱ ከ2011 ጀምሮ ከ450 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር ሳይክል አይወዳደርም፡፡ በገበያው ግን ነገሩ ተገልብጧል፡፡ ዛሬ «ለጀብዱ» ተብለው ከሚሸጡት መካከል ስመ ጥሮቹ ከ230 ኪሎ በላይ ናቸው፤ ሆዳቸውም ኮምፒዩተር ነው፡፡ ፍሬናቸው ያስተማምናል፤ መንገድ ላይ ያለ ድካም ያደርሳሉ፤ ይህ ምስጋና ይገባቸዋል፡፡ ዘራቸውን ሲጠየቁ ግን ስለ ዳካር ያወራሉ፡፡ በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች እንደሚባለው፡፡

ይህ ሁሉ ስለ ብረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት ነበር፡፡ የሚያሳስበኝ ሰው ከያዘው ዕቃ ጋር ያለው ዝምድና ነው፡፡ በገዛ ገንዘባችን የገዛነውን ነገር ከፍተን ማየት ካልቻልን፣ ሲታመም ከየት እንዳመመው መጠየቅ ካልቻልን፣ ባለቤትነታችን በወረቀት ብቻ ይቀራል፡፡ ከተማ መካከል ይህ እጦት አይሰማም፤ ጋራዥ ቅርብ ነውና፡፡ መንገዱ ሲረዝም ግን ያላወቅነው ሁሉ ሸክም ይሆናል፡፡

የግጥም ወዳጆች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም፡፡ መደርደሪያ የሚሞላ ድርሳን አለ፤ ክቡር ነው፤ ለማንበብ ግን ቤት፣ ወንበርና መብራት ይፈልጋል፡፡ በቃል የሚያዝ ሁለት ስንኝ ደግሞ አለ፡፡ መጽሐፉ ቢጠፋ፣ መብራቱ ቢጠፋ፣ ባለቤቱ በጨለማ ውስጥ ሆኖ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይለዋል፡፡ ኤክስቲ 500 እና ኤክስአር 600 በቃል የሚያዙ ማሽኖች ናቸው፡፡ ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ወደፊት ከእነዚህ አሮጌ ሞተሮች አንዱ እየደለቀ ሲያልፍ ብትሰማ «ስንት ሲሲ ነው?» አትበል፡፡ «ባለቤቱ በቃሉ ይዞታልን?» ብለህ ጠይቅ፡፡