ትናንት የቃመ ተማሪ ነገ መኰንን ይሆናልን?

የምረቃ ወራት በተቃረበ ቍጥር በግቢያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ዙሪያ የሚቆመው ተማሪ ይበዛል። ሥራ ፈላጊው ብዙ፣ ሥራው ጥቂት በሆነበት በዚህ ጊዜ የአገር መከላከያ ሠራዊት ለዕጩ መኰንንነት የሚያወጣው ጥሪ በብዙዎቻችን ዘንድ በጉጉት የሚነበብ ሆኗል። ዕድሜው፣ የትምህርት ደረጃው፣ ቁመቱና ጤንነቱ በቍጥር ወይም በወረቀት የሚረጋገጥ ስለ ሆነ ክርክር አያስነሣም። ክርክር የሚያስነሣው በመከላከያም ሆነ በፖሊስ የምልመላ ማስታወቂያዎች ላይ በልዩ ልዩ አነጋገር የምናገኘው አንድ ሐረግ ነው፤ ይኸውም አመልካቹ «ከደባል ሱስ ነፃ» ይሁን የሚለው ነው።

«ነፃ» የሚለው ቃል ግን ስለ መቼ ነው የሚናገረው? ዛሬ በምዝገባው ጠረጴዛ ፊት ስለ ቆመው ሰው ነውን? ወይስ ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንደኛ ዓመት ሳለ፣ በፈተና ሰሞን ከጓደኞቹ ጋር ሲቅም ስላደረው ልጅ? ማስታወቂያው ይህን አይለይም። ባለመለየቱም አንዱ መልማይ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ሊተረጕመው ይችላል፤ አመልካቹም የትኛው ፍቺ እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ይቀርባል። እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ሠራዊቱ ሱሰኛ መኰንን አልፈልግም ማለቱ ትክክል ነው። ዳሩ ግን ሱስን ትቶ የመጣውንና ሱስ ያለበትን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ፣ ይልቁንም እውነቱን የተናገረውን ጥሎ የዋሸውን የሚያሳልፍ መመዘኛ ለሠራዊቱም ለተማሪውም አይበጅም።

በመጀመሪያ የሠራዊቱን ምክንያት በቅንነት እንመልከት። መኰንን ራሱን ብቻ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ሠላሳና አርባ ወታደር የሚመራ የመቶ አለቃ አንድ ሌሊት ዘቡን በተሳሳተ ቦታ ቢያቆም ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ ብቻ አይሆንም። ጫት የለመደ ሰው ሰዓቱ ሲደርስ ሐራራው ይነሣበታል፤ ያዛጋል፣ ይቈጣል፣ ሐሳቡ ይበተናል። ከሰዓት በኋላ ያለውን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምሩ መምህራኖቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ደግሞም ጫት ኀይሉን የሚያገኘው ካቲኖን ከሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይህም ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚዳከም ጫቱ ትኩስነቱን ሳያጣ መድረስ አለበት። (ጫት የጫኑ መኪናዎች በየመንገዱ ነፍሳቸውን ሳያውቁ የሚበሩት ስለዚሁ ነው፤ እግረኛውን ማን ያስበው!) እንግዲህ በየቀኑ ትኩስ ቅጠል የሚያሻው መኰንን በምሽግ ውስጥ ከጠላቱ ይልቅ የጫቱ መምጫ ሰዓት ያስጨንቀዋል።

ይህ ሥጋት የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ኒሚትዝ በምትባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ሲሞክር ተከስክሶ 14 ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት የመርከቧ ሠራተኞች በአንዳንዶቹ አስከሬን ውስጥ የሐሺሽ ምልክት ተገኘ። የአደጋው መነሻ ይህ ነው አይደለም የሚለው ቢያከራክርም፣ የባሕር ኀይሉ አለቆች በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ደንባቸውን አጠበቁ፤ አደንዛዥ ዕፅ ለሚወስድ ባሕረኛ ከእንግዲህ ትዕግሥት የለንም አሉ። የጦር መሣሪያ በያዘ ሰው ላይ እንዲህ መጥበቅን የሚነቅፍ አይገኝም፤ እኛም አንነቅፍም።

ነገር ግን ዛሬ የሚወስድ አንድ ነገር ነው፤ ድሮ ወስዶ የተወ ሌላ ነገር ነው። ይህንንም ልዩነት ከሁሉ አብልጦ ያስተማረው ራሱ የጦር ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በቬትናም የነበሩ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ሄሮይን መልመዳቸው ስለ ታወቀ፣ ወደ አገራቸው ከመሳፈራቸው በፊት ሽንታቸው እንዲመረመር ታዘዘ። ሊ ሮቢንስ የተባሉት ተመራማሪ ተመላሾቹን ተከታትለው ሲያጠኑ፣ ማንም ያልጠበቀው ውጤት ተገኘ። በቬትናም ሳሉ በሱሱ ተይዘው ከነበሩት መካከል ወደ አገራቸው በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት ገደማ እንደገና የተያዙት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህ እንግዲህ ሄሮይን ነው! ጫትን ከሄሮይን ጋር እኩል ለማድረግ አይደለም የጠቀስነው። ሰው ከቦታው፣ ከጭንቀቱና ከባልንጀሮቹ ሲለይ ልማዱንም ትቶት ሊሄድ እንደሚችል ለማሳየት ነው። በመኝታ ክፍል ውስጥ አራትና ስድስት ሆኖ ለፈተና ሲቅም የነበረ ተማሪ ከግቢው ሲወጣ ልማዱ አብሮት ይወጣል ወይስ እዚያው ይቀራል? መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ስለዚህም ሰውየውን ራሱን ማየት እንጂ የድሮ ስሙን ማየት አይበቃም።

በሐዋሳ ለምንኖር ደግሞ ጉዳዩ የቤታችን ጉዳይ ነው። የወንዶ ገነት ጫት ከደጃችን ነው የሚበቅለው። ለብዙ ገበሬ የልጁ ደብተር መግዣ እርሱ ነው፤ በእኛም መካከል በዚያ ገንዘብ ያደገና የተማረ ጥቂት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ወንዶች ከመቶ 27ቱ፣ ከሴቶችም ከመቶ 12ቱ በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አሳይቷል። «ነፃ» ማለት «ከቶ ቀምሶ የማያውቅ» ከሆነ፣ ሠራዊቱ ገና ቁመታቸውን ሳይለካ ከአገሪቱ ወንዶች ከሩብ የሚበልጡትን አሰናበተ ማለት ነው። በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ እኮ በጫት አገር መካከል ነበር የተተከለው! በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የላቁትን ወጣቶች እየመረጠ ሲወስድ ጫት በየገበያው ሞልቶ ነበር፤ ያም ሆኖ ከዚያ የወጡት መኰንኖች ስማቸው እስከ ዛሬ በአክብሮት ይነሣል።

ምናልባት አንድ ሰው «ምርመራ አለ አይደለምን? ሐኪም ይለየው» ይል ይሆናል። ምርመራ ግን የሚያውቀው የቅርቡን ነው። የጫት ምልክት በሽንት ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ሐሺሽ አንድ ጊዜ ያጨሰ ሰው ምልክቱ በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ በየቀኑ ሲያጨስ የኖረ ግን አንድ ወርና ከዚያም በላይ ሊታይበት ይችላል። ከሁለት ዓመት በፊት ስለሆነው ነገር የሚመሰክር ምንም ዓይነት የሽንት ምርመራ የለም። እንግዲህ ስለ ድሮው የሚቀረው ምስክር ሁለት ነው፤ አንዱ የአመልካቹ የራሱ ቃል፣ ሁለተኛው የሰው ወሬ።

የሰው ወሬ ምን እንደሚያደርግ የመኝታ ክፍል ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በአንድ ሳህን ሲበላ የኖረ ጓደኛ፣ በሴት ወይም በማስታወሻ ደብተር ተጣልቶ፣ «እርሱ እኮ ቃሚ ነበረ» ብሎ ሲናገር የሚያግደው የለም። ከቀበሌ የሚመጣውም የድጋፍ ደብዳቤ ቢሆን የልጁን ሰፈር እንጂ ልጁ አራት ዓመት የኖረበትን ግቢ አያውቅም።

የራሱ ቃልስ? እዚህ ላይ ነው ትልቁ ጕዳት። ሁለት ተመራቂዎችን እናስብ። ሁለቱም ሁለተኛ ዓመት ሳሉ ቅመዋል፤ ሁለቱም ትተዋል። መልማዩ «ቅመህ ታውቃለህ?» ሲል አንዱ «አዎን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ትቻለሁ» ይላል፤ ሁለተኛው ዓይኑን ሳያሽ «በጭራሽ» ይላል። የመጀመሪያው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ሥልጠና ይገባል። ሠራዊቱ በዚህ ምርጫ ምን አተረፈ? ከሱስ የራቀ መኰንን አላገኘም፤ ሁለቱም እኩል ናቸውና። ያገኘው ለጥቅሙ ሲል ለአለቃው የሚዋሽ መኰንን ነው። የመኰንን ዋና ሥራው ደግሞ ያየውን እንዳየ፣ የጐደለውን እንደ ጐደለ ለበላዩ መዘገብ ነው። ጥይት አልቆበት ሳለ «ሞልቷል» የሚል መኰንን ከቃሚ መኰንን ይልቅ ሰው ያስጨርሳል።

የአገራችን ሕግ እንኳ ለሰው የድሮ ጥፋት ማብቂያ አበጅቶለታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በፍርድ ቤት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ፣ ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ 5 ዓመት፣ ቀላል ከነበረ 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ከኖረ፣ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሠረዝለት ለመጠየቅ ይፈቅድለታል። ለወንጀለኛ የተፈቀደው ማብቂያ፣ ተከስሶ ለማያውቅ፣ በሕግ ያልተከለከለ ቅጠል ለቃመ ተማሪ እንዴት ይነፈጋል? በዚሁ አጋጣሚ ብዙዎቻችን የምንደባልቀውን ነገር እንለይ። ጫት መቃም በሕጋችን ወንጀል አይደለም። ሐሺሽ ግን በዚያው ሕግ በአንቀጽ 525 ሥር የሚወድቅ ወንጀል ነው፤ ማዘዋወርም ብቻ ሳይሆን መጠቀምም ያስቀጣል። «አንድ ቀን ብቻ፣ ለጨዋታ» የሚለው ጓደኛችን ይህን ይወቅ። በሐሺሽ ተይዞ የተፈረደበት ሰው የሚጠየቀው ስለ ሱስ ብቻ አይሆንም፤ «ከወንጀል ነፃ» በሚለው ሁለተኛ መመዘኛም ይወድቃል።

ሌሎች ሠራዊቶች ይህን ቋጠሮ እንዴት ፈቱት? ከላይ ያነሣናቸው አሜሪካውያን ራሳቸው ከጊዜ በኋላ የድሮውንና የዛሬውን ለይተዋል። አየር ኀይላቸው እ.ኤ.አ. በ2017 አመልካቹ ከመግባቱ በፊት ስንት ጊዜ ሐሺሽ አጭሶ ነበር የሚለውን ቍጥር መቍጠር ተወ፤ ከገባ በኋላ መውሰድ ግን እንደ ተከለከለ ቀረ። በ2022 ደግሞ በመጀመሪያው ምርመራ የሐሺሽ ምልክት የተገኘባቸው አንዳንድ አመልካቾች ከ90 ቀን በኋላ እንደገና እንዲመረመሩ ፈቀደ። የእኛም ሠራዊት እንደዚያው ያድርግ ማለታችን አይደለም፤ የእነርሱ ችግር ሌላ፣ የእኛም ሌላ ነው። ነገር ግን ቀን ቈጥሮ መጻፍ እንደሚቻል ያሳያል።

የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ማስታወቂያው ሱስ የሚላቸውን ነገሮች በስማቸው ይጥራ፤ ጫት፣ ሐሺሽ፣ ሺሻ፣ መጠጥ ተብሎ ይጻፍ። ከዚያም ከምዝገባው በፊት ስንት ወር ወይም ስንት ዓመት ርቆ የቈየ ሰው «ነፃ» እንደሚባል ይነገረው። ስድስት ወር ይሁን ሁለት ዓመት ሠራዊቱ ይወስን፤ ለጥበቃ አንከራከርም። ቀኑን ያወቀ ተማሪ ሁለተኛ ዓመት ሳለ ዛሬውኑ ለማቆም ምክንያት ያገኛል፤ ቀኑን የማያውቅ ግን «ወድቄያለሁና ልቃም» ይላል። በምርመራ የተያዘ ይሰናበት፤ ዋሽቶ የተገኘም ለዘለዓለም ይሰናበት። ስለ ድሮው በገዛ አፉ የተናገረው ግን በመናገሩ ብቻ አይጣል።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለን። ተመራቂው የምስክርነት ደብዳቤ ሲለምናችሁ ስለ ጠባዩ እንድትጽፉ ትጠየቃላችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ከክፍል ሲቀር የነበረውን ልጅ ብቻ ሳይሆን፣ ዘንድሮ ጧት በሁለት ሰዓት በመጀመሪያው ወንበር ላይ የሚቀመጠውንም ልጅ ጻፉልን። ሁለቱንም ብትጽፉ ደግሞ ይበልጥ እንወዳለን።

የኅብረቱ ኮሚቴ ከላይ የዘረዘርናቸውን ጥያቄዎች በጽሑፍ አዘጋጅቶ በተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት በኩል ለሚመለከተው የምልመላ ክፍል እንዲደርስ ያቀርባል። ከዚህ ዓመት ተመራቂዎች መካከል ለማመልከት የምታስቡ፣ በደብዳቤው ላይ የሚጨመር ጥያቄ ካላችሁ ስማችሁን ሳትጽፉ በኅብረቱ ሣጥን ውስጥ ጨምሩ። ከምልመላው ክፍል የሚመጣው መልስ፣ ደስ ቢለንም ባይለንም፣ በዚሁ ገጽ ላይ ሳይቈረጥ ይወጣል።