የደላላው ኮሚሽን ስም በሚዞርበት ቀን ይከፈል

ቤት ሲገዛ በደላላ የተጎዳ ሰው ጉዳቱን የሚያስረዳው ብዙውን ጊዜ በደላላው ጠባይ ነው። ዋሸኝ፣ ደበቀኝ፣ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ስልኩን ዘጋብኝ ይላል። ቅሬታው እውነት ነው፤ ሰሚ ማጣቱም ያሳዝናል። ነገር ግን ጉዳዩን በሰው ጠባይ ብቻ ከዘጋነው የሚቀጥለው ገዢ ሌላ ደላላ ዘንድ ሄዶ ያው ጉዳት ይደርስበታል። እኔ የምለው የቤት ድለላን ከምንም በላይ ያበላሸው ደላላው የሚከፈልበት ቀን ነው። በተለመደው አሠራር ኮሚሽኑ የሚቆጠረው የሽያጭ ውሉ በተፈረመበት፣ አንዳንዴም ገና ቀብድ በተሰጠበት ዕለት ነው። ገዢው ግን በዚያ ዕለት የቤት ባለቤት አልሆነም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1185 እንደሚደነግገው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው ዝውውሩ በመዝገብ ሲሰፍር ነው። በውሉ ፊርማና በስም ዝውውሩ መካከል ሳምንታት፣ ወራት፣ ሲከፋም ዓመታት ያልፋሉ። የገዢው ገንዘብ አደጋ ላይ የሚወድቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ደላላው ግን ገና ከጅምሩ ድርሻውን ይዞ ወጥቷል።

በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚወጣው ጉድ ብዙ ነው። ካርታው ባንክ ዘንድ በመያዣነት ተይዞ ይገኛል፤ ወይም ፍርድ ቤት አግዶታል። ሻጩ ቤቱን የወረሰው ከወንድምና ከእህቶቹ ጋር ሆኖ ሳለ ብቻውን ፈርሟል። ባለትዳር ነው፤ የሚስቱ ፊርማ ግን የለም፤ የቤተሰብ ሕጉ ደግሞ የጋራ የሆነ ቤት ሲሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ያልተከፈለ የሊዝ ውዝፍ አለ። ሽያጩ በውክልና ከሆነ ወካዩ ውክልናውን ሽሮት ወይም ሞቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ከማንም ቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው ደላላው ነው። ሰፈሩ ውስጥ ይውላል፣ ሻጩን ያውቃል፣ ማዘጋጃ ቤት ማን ዘንድ እንደሚገባም ያውቃል። ሆኖም በውሉ ቀን የሚከፈለው ሰው የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ሽያጩን ሊያዘገይበት ወይም ሊያፈርስበት ይችላልና። ሻጩ «እጄ ላይ ይህን ያህል ይግባልኝ፣ ከዚያ በላይ ያመጣኸው የራስህ ነው» ብሎት ከሆነማ ነገሩ ይብሳል። ከገዢው ሁለት በመቶ እየተቀበለ ገዢው የሚከፍለውን ዋጋ ወደ ላይ የሚገፋው ራሱ ደላላው ይሆናል። የማን ሰው እንደሆነ የሚናገር አንድ ወረቀት እንኳ በመካከል የለም።

ችግሩ በመላ አገሪቱ ያለ ነው። በአዲስ አበባ የ5 ዓመት የሽያጭ ክልከላ ያለባቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች በውክልና ሲሸጡና ሲለወጡ ኖረዋል፤ መሐል ላይ የነበረው ደላላ ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በገለጉ፣ በመተማ ዮሐንስና በገንዳ ውሃ ግን ሸክሙ ይከብዳል። እዚህ ገንዘብ የሚገኘው በወቅት ነው፤ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተወቅቶና ተሸጦ በጥቂት ወራት ውስጥ እጅ ይገባል፤ ቶሎ ቁም ነገር ላይ ካልዋለም ይበተናል። ስለዚህ ገዢው በችኮላ ይገዛል። ከነዋሪው ብዙው ከደጋው ለሥራ ወርዶ የቀረ ነውና የቤቱን የኋላ ታሪክ የሚነግረው ዘመድ በከተማው የለውም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ስደተኞችና በዚያ ለዓመታት የኖሩ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ገብተዋል። ይዞ የመጣውን ጥሪት ጣሪያ ላይ ለማዋል የሚፈልግ ተመላሽ ካርታ ምን እንደሚመስል እንኳ ላያውቅ ይችላል። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ በቆላው ቤት የሚገዛ ሰውም በመንገዱ የጸጥታ ችግር ምክንያት ወርዶ ማየት ያቅተዋል፤ በስልክ ከደላላው የሰማውን ይዞ ገንዘብ ይልካል። ደላላው የእነዚህ ሰዎች ዓይንና ጆሮ ሆኗል፤ ኃላፊነቱ ግን ያው ሁለት ሰዎችን ከማስተዋወቅ አላለፈም።

በከተማ ዳር የሚሸጠውን ቦታ ስናይ ነገሩ ከቸልተኝነት ያልፋል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009ም የገበሬን ይዞታ መሸጥ አይፈቅድም። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ግንባታው ሳይጀመር ወይም በግማሽ ሳይጠናቀቅ የሊዝ መብቱን የሚያስተላልፍ ሰው በሚመለከተው አካል ቁጥጥር ስር በግልጽ አሠራር እንዲያልፍ ያዛል፤ ከዝውውሩ የሚያገኘውንም ይገድባል። ደላላው ይህን አያውቅም ብሎ ማመን ይቸግራል። ከገበሬ የተቆረሰን ቦታ ወይም የጨረቃ ቤትን «ካርታው በሂደት ላይ ነው» እያለ ሲያሻሽጥ፣ ገዢው እየገዛ ያለው በሕግ የማይሸጥ ነገር ነው። ኋላ አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ ገዢው ቤቱንም ገንዘቡንም ያጣል፤ ደላላው ግን ኮሚሽኑን ከተቀበለ ቆይቷል።

ቆላው ድለላን በሥርዓት መግራት እንደሚቻል በራሱ ምርት አይቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ በኋላ ሰሊጥም ወደዚያ ገባ። ከዚያ በፊት ገበሬው ዋጋ የሚሰማው ከደላላና ከሰብሳቢ አፍ ነበር። በምርት ገበያው ሥርዓት ሰሊጡ መጋዘን ይገባል፤ ናሙና ይወሰድለታል፤ ደረጃው ይወጣል፤ ይመዘናል፤ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይይዛል፤ የሚገበያየው የታወቀ አባል ነው፤ ገንዘቡም በባንክ ያልፋል። ሥርዓቱ እንከን አልባ ነው አልልም፤ ኮንትሮባንድ አለ፤ ምርት ከመጋዘን ውጭ የሚሸጥበትም ጊዜ አለ። ግን መሠረቱ ትክክል ነው፤ አሻሻጩ ይታወቃል፤ የተሸጠውም ነገር ከመሸጡ በፊት ተመርምሯል፤ ገንዘቡ የሚለቀቀውም ርክክቡ ተረጋግጦ ነው። አንድ ገበሬ ጥቂት ኩንታል ሰሊጥ ሲሸጥ የሚያገኘውን ይህን ጥበቃ፣ የዚያን ሰሊጥ የዓመታት ገንዘብ አጠራቅሞ ቤት ሲገዛ አያገኘውም።

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳይባል ሕጉ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2877 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ መሆኑን፣ አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ሹም ፊት መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን በጥብቅ ተርጉሞታል፤ በኋላ የተሰጡ ውሳኔዎች ሻጩ ሽያጩን ካልካደ ትርጉሙን አላልተውታል። ችሎት የሚያደርሰው ግን የሚክደው ሻጭ ነው። እንዲህም ሆኖ «ለጊዜው በሦስት ምስክር እንፈራረም፣ ውልና ማስረጃው ይደርሳል» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከደላላው ነው። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ሁለተኛ ውል የማዘጋጀቱም ምክር እንዲሁ። ሻጩ ቤት ሲሸጥ ካተረፈው ላይ 15 በመቶ ግብር ሊኖርበት ስለሚችል፣ በዝውውሩም ላይ የቴምብር ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ ስላለ፣ በውሉ ላይ ትንሽ መጻፍ ሁሉንም የሚጠቅም ይመስላል። ሽያጩ ሲፈርስ ግን ገዢው ማስረዳት የሚችለው በጸደቀው ውል ላይ የተጻፈውን ትንሹን ገንዘብ ነው። ቀብድም ቢሆን ሕግ አለው፤ በአንቀጽ 1885 መሠረት የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ተቀባይ ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ቀብዱ በደላላው እጅ ካለፈና ደረሰኝ ከሌለው ግን ማንን ከሰው እጥፉን ያስመልሳሉ?

እዚህ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው «ገዢው ራሱ ይጠንቀቅ» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ ይጠንቀቅ። ግን ጥንቃቄ መረጃ ይፈልጋል፤ መረጃው ደግሞ በማዘጋጃ ቤት ፋይል ውስጥ ነው፤ ፋይሉም የሚወጣው በባለይዞታው ጥያቄ ነው። ሻጩ ካልተባበረ ገዢው ብቻውን የትም አይደርስም። ሁለተኛው ሽምግልናን ይጠቅሳል፤ ገለጉን በመሰለ ከተማ ሰው ይተዋወቃል፣ ያጭበረበረ ደላላ ስሙ ይጠፋል፣ ሽማግሌ ያስታርቃል ይላል። ስም የሚያሳስበው ግን ነዋሪ ለሆነ ገዢ ሲሆን ነው፤ ትናንት ለመጣው ተመላሽ ወይም ጎንደር ለተቀመጠው ገዢ ደላላው የሚያፍርበት ምክንያት ትንሽ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ሥራው ማስማማት ነውና ብዙ ጊዜ ጉዳቱን ለሁለት ያካፍላል፤ ምንም ያላጠፋው ገዢ ግማሹን ተሸክሞ ይመለሳል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከደላሎች ወገን የሚመጣ ነው፤ እኔንም ብዙ ያሳስበኛል። ደላላ ለሳምንታት በእግሩ ይዞራል፣ ስልክ ይደውላል፣ ከአሥር ሰው አንዱ ብቻ ይገዛለታል። ስም ዝውውር በቢሮ ሲጓተት እሱ በሌላው ጥፋት ለምን ይራባል? ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ድለላም ብዙ ቤተሰብ የሚያድርበት ሥራ ነው። ስለዚህ ለድካሙ ከኮሚሽኑ ጥቂቱ በውሉ ቀን፣ በደረሰኝ ይከፈለው፤ ዋናው ክፍል ግን በስም ዝውውሩ ቀን ይሁን። ይህ ሲሆን ደላላው የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። እገዳ ያለበትን ቤት ይዞ ቢመጣ ድካሙ ከንቱ ስለሚሆን፣ ገዢ ከመፈለጉ በፊት ሻጩን «ካርታህን አምጣ፣ ባለቤትህን ይዘህ ና፣ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ አውጣ» ይለዋል። ከገዢው የተሻለ መርማሪ ይሆናል። ጉዳዩን ለማፋጠን ወደ ጉቦ ሊሄድ ይችላል የሚል ሥጋት ካለ ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ እሱን መከላከል ግን የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነው። ጉቦ ስለሚፈራ ገዢው ብቻውን ይክሰር ማለት አይቻልም።

«ደላላን አስወግዶ በኩባንያ መተካት ይሻላል» ለሚሉም መልሱ በአገራችን ታይቷል። አክሰስ ሪል ስቴት ከ2 ሺህ በላይ ከሆኑ ቤት ገዢዎች ገንዘብ ሰብስቦ ብዙዎቹ ለዓመታት ቤት ሳይረከቡ ቀርተዋል፤ ቢሮ፣ ማኅተምና ማስታወቂያ ግን ነበረው። እዚያም የተበላሸው ያው ነው፤ ገንዘቡ ከርክክቡ ቀደመ። ጎረቤታችን ኬንያ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የቤትና የመሬት አሻሻጭ ሁሉ በመዝጋቢ ቦርድ እንዲመዘገብ አድርጋለች። በ2013 ዓ.ም. የተተካው የኛ የ1952 የንግድ ሕግም ደላላን ተዋዋዮችን በሙያው እያገናኘ የሚኖር ነጋዴ አድርጎ አስቀምጦት ነበር፤ ነጋዴ ከሆነ ፈቃድና አድራሻ ሊኖረው ይገባል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅም ማስፈጸሚያው በአዲስ አበባ ትልልቅ አልሚዎች ላይ ብቻ እንዳይቀር እሰጋለሁ። በምዕራብ ጎንደር ያሉት የቋራና የመተማ ወረዳዎች፣ የከተሞቹም ማዘጋጃ ቤቶች ፈቃድ ያላቸውን ደላሎች ስምና ስልክ በግድግዳቸው ላይ ለመለጠፍ አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለባቸውም።

ገዢውም እስከዚያ ድረስ በእጁ ያለ ነገር አለ። ቤቱን ከማየትዎ በፊት ከደላላው ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ይፈራረሙ። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና ከሻጩም የሚቀበለው ካለ ምን ያህል እንደሆነ ይጻፍበት። ቀብድ በእጁ እንደማይነካ፣ ከኮሚሽኑም ዋናው ክፍል የሚከፈለው ስመ ንብረቱ በእርስዎ ስም በዞረበት ዕለት እንደሆነ ይስፈርበት። ይህን ወረቀት አልፈርምም ካለ፣ ያመጣው ቤት የቱንም ያህል ቢያምርዎ አይግዙት።