አቀንቃኙ ሲደክመው ተቀባዩ ምን ይሁን?

የዚህ ሣምንት ደብዳቤ እንደ ወትሮው «ካደኝ፣ ትቶኝ ሄደ» የሚል አይደለም። ግን ፍቅር አለበት። የአባትና የልጅ ፍቅር፣ ደግሞም የዘፋኝና የአድናቂ ፍቅር። ጠያቂያችን ወጣት ናት። ያደገችው ደቡብ ጎንደር፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ አዲስ ዘመን ከተማ ነው። ደብረ ታቦር ተምራ አሁን አዲስ አበባ በሥራ ላይ ትገኛለች። ደብዳቤዋን አሳጥረን እነሆ፦

«አባቴ በማሕሙድ አህመድ ቀልድ አያውቅም። ልጆች ሳለን የማሕሙድን ካሴት ከነካን ወዮልን! ጉልበቱን አሞት ለሕክምና እኔ ዘንድ በመጣበት በ2017 ዓ.ም.፣ ማሕሙድ ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርት ሊያቀርብ ነው ተባለ። ደሞዜን አራግፌ ሁለት ትኬት ቆረጥኩ። አባቴ ኮቱን አስተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ እንደ ሙሽራ ነው የሄደው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ማሕሙድ ሲወጣ ሕዝቡ በጩኸት ተቀበለው። አረማመዱ ግን ዝግ ያለ ነበር። አባቴ ቤት ውስጥ እየተነሳ የሚያሳየን ያ ሁሉ እንቅስቃሴ ቀንሷል። ድምፁ ግን ያው ድምፁ ነው። እኔ በደስታ አብሬ ስዘፍን ዞር ብዬ ባየው አባቴ አንገቱን ደፍቷል። ከኋላችን ያሉ ልጆች ‹ፋዘር ደክሟል› እያሉ ይሳሳቃሉ፣ በሞባይል ይቀርጻሉ። ሳያልቅ ‹እንሂድ› አለኝ። ታክሲ ውስጥ ‹ባላየው ይሻለኝ ነበር› አለ። በማግስቱ የሐኪም ቀጠሮውን ‹አልሄድም! እርጅና መድኃኒት የለውም፣ አገሬ መልሺኝ› ብሎ ድርቅ አለ። ይኸው አገሩ ከገባ ወዲህ ስደውልለት ‹ደህና ነኝ› ብሎ ይዘጋዋል። ካሴቱንም መስማት ትቷል አሉ። ድሮ ጣራ ገዳምን ሽቅብ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ ሰው አሁን ከደጅ አይወጣም። ጥፋቱ የእኔ ይሆን? ምን ልበለው?»

እህታችን፣ መጀመሪያ አንቺ ጥፋት የለብሽም። አባቱን ኮንሰርት የሚጋብዝ ልጅ ስንት ነው? ነገሩ ግን ወዲህ ነው። አባትሽ አንገታቸውን የደፉት ለማሕሙድ ብቻ አይመስለኝም። ለራሳቸውም ነው።

ለእኛ ለወጣቶቹ ዘፋኝ ማለት ዘፋኝ ነው። ለእሳቸው ግን ማሕሙድ የዕድሜ መቁጠሪያ ነው። እስቲ አስቢው… ሊስትሮ ሆኖ የጀመረው ልጅ አሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ምሽት ጥላሁን ገሠሠን ጨምሮ ዘፋኞቹ ሳይመጡ ሲቀሩ «እስቲ እኔ ልሞክር» ብሎ መድረክ ላይ ወጣ። ከዚያ ክብር ዘበኛ ገባና እስከ 1974 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ዘፈነ። «እሬ መላ መላ» የወጣው በደርግ መጀመሪያ ዓመታት ነው። ያ ዘመን ሰዓት እላፊ የታወጀበት ነበርና ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ይቆይ ነበር። የአባትሽ ጉርምስና እንግዲህ በዚህ ዘፈን ያለፈ ነው። እንዲህ የኖረ ሰው የ83 ዓመቱን ማሕሙድ ቀስ ብሎ ሲራመድ ሲያይ «የእሱ ጉልበት ካለቀ የእኔስ?» ይላል። ሐኪም ቤቱን የጠሉትም ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ። እንግሊዛዊው የሮክ ዘፋኝ ኦዚ ኦዝበርን ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለደበት በበርሚንግሃም ከተማ፣ በአስቶን ቪላ ስታዲየም የመጨረሻ ኮንሰርቱን አቀረበ። የፓርኪንሰን በሽታ ስለያዘው መቆም አልቻለም። ዙፋን በመሰለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የዘፈነው። ያ በመድረክ ላይ እብደቱ ዓለምን ያስደነገጠ ሰው! ሐምሌ 15 ቀን በ76 ዓመቱ አረፈ። ፊል ኮሊንስም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ለንደን ላይ ከጄነሲስ ባንድ ጋር የመጨረሻውን ሲዘፍን ተቀምጦ ነበር። ድሮ እሱ ይመታው የነበረውን ድራም የመታው ማን መሰለሽ? ልጁ!

ወደ አገራችን እንመለስ። ጥላሁን በስኳር በሽታ ሲሰቃይ ቆይቶ በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት በ68 ዓመቱ ሲያርፍ ብዙ አድናቂው ሳይሰናበተው ነው የቀረው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ራዲዮ ላይ ነው የሰማው። ማሕሙድ ግን በቁሙ «በቃኝ፣ ደህና ሁኑ» አለን። መድረክ ላይ የወጣው ሌላው ሲቀር ነበር። የወረደው ግን ራሱ መርጦ ነው። ይህ ውርደት ነው? እኔ ክብር ነው እላለሁ!

አሁን አንድ የአገርሽን ነገር ላስታውስሽ። ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ ነው። ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ አንዱ ያቀነቅናል፣ ሌላው ይቀበላል። አቀንቃኙ ድምፁ ቢሰልል ምን ይሆናል? ተቀባዮቹ ጠንከር አድርገው ይቀበሉና እሱ ትንፋሹን ይሰበስባል። ጨዋታው አይቋረጥም። ጠጅ ቤት አዝማሪ ሲደክመውም እንዲሁ ነው፤ ታዳሚው ግጥም ይሰጠዋል፣ ማሲንቆውንም ልጁ ይቀበለዋል። ስለዚህ እርጅና የመጣበት ዘፋኝ ፊት የቆመ አድናቂ ሥራው መቀበል ነው። ሃምሳ ዓመት እሱ አቀንቅኖልናል። አንድ ምሽት ብንቀበለው ምን ይለናል?

አንቺ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አብረሽ ስትዘፍኚ ተቀባይ ነበርሽ። አሁን ደግሞ ለአባትሽ ተቀባይ ሁኚ። እንዴት ብትዪ፦

አንደኛ፣ «አላረጀህም» ብለሽ እንዳታባብያቸው። ውሸት መሆኑን ያውቁታል፣ ይባስ ይዘጉሻል። «አባ፣ አይተህ ከፋህ አይደል?» በዪያቸውና ዝም ብለሽ አዳምጪ። ሐዘኑ በአፋቸው ይውጣ።

ሁለተኛ፣ ስለ ኮንሰርቱ አትከራከሪ። ስለ ካሴቱ ጠይቂያቸው። መጀመሪያ የት ሰሙት? ከማን ጋር? በየትኛው ዘፈን ጨፈሩ? ስልክ ቶሎ የሚዘጋ ሰው ስለ ጉርምስናው ሲጠየቅ አይዘጋም። ታናሽ ወንድምሽም ማታ ማታ ቴፑን ይክፈት። «ስማ» ማለት አያስፈልገውም፣ ከፍቶ ሥራውን ይሥራ።

ሦስተኛ፣ የጉልበቱን ነገር ከእርጅናው ለይተሽ አቅርቢው። እርጅና መድኃኒት የለውም፣ እውነታቸውን ነው። የጉልበት ሕመም ግን አለው! በዕድሜ ለሚመጣ የጉልበት ሕመም ሐኪሞች በአብዛኛው የሚጀምሩት ጡንቻ በሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ክብደት በመቀነስና በማስታገሻ ነው። ኦፕራሲዮን የመጨረሻው ነው። አዲስ አበባ መምጣት ካልፈለጉ ደብረ ታቦር ላይ ይታዩ። «እንደ ድሮ ትሮጣለህ» አትበያቸው። «ጣራ ገዳም ግማሽ መንገድ ድረስ አብረን እንውጣ፣ ዛፉ ሥር አረፍ እንበል» በያቸው። ግማሽ መንገድም መንገድ ነው። ውሳኔው ግን የእሳቸው ይሁን።

አንድ ቃል ደግሞ ከኋላ ተቀምጠው ለሳቁት፣ ለእኛው ለዕድሜ እኩዮቻችን! አንጋፋ ዘፋኝ ሊሰናበት ሲወጣ የሃያ ዓመት ጉልበቱን ለማየት ከሆነ ቤታችን ቁጭ ብለን የድሮውን ቪዲዮ እንክፈት። አዳራሽ ከገባን ግን ሰውየውን ልንሰናበት ነው። ሲደክመው ቀርጸን ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ተቀባይነት አይደለም። ካሜራው የእሱን ድካም ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አጠገባችን አንገቱን የደፋ የሰው አባት አለ። ነገ እኛም አቀንቃኞች መሆናችን፣ ከነገ ወዲያም መድከማችን አይቀርም። ያን ጊዜ የሚቀበለን እንዳናጣ ዛሬ መቀበል እንልመድ።

እህታችን፣ የሆነውን ጻፊልን። ለሁላችሁም… እስከ ሣምንት ቸር ያሰንብተን!