ሻንጣው ቀርቷል፣ ሸክሙ ግን አለ

«ፈተናው እኮ መጽሐፍ ተከፍቶ ነው የሚሠራው!» ይህን ሰምቶ ልቡ ያልቀለለ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ግን እንላለን፦ መጽሐፍ የሚያስከፍት ፈተና መጽሐፍ ለሰበሰበ ሳይሆን መጽሐፉን ለለመደ ነው የሚቀለው።

ዛሬ ወሬያችን አሜሪካ ካላችሁ ሲቪል መሐንዲሶች ጋር ነው። እዚያ ፈቃድ የሚሰጠው ስቴቱ ነው፤ የፒኢ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ደግሞ ኤንሲኢኢኤስ። ለሲቪል 80 ጥያቄ በ8 ሰዓት፤ ለአንዱ 6 ደቂቃ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ ፈተናው በወረቀት ነበር። ተፈታኙ የተጠረዘ መጽሐፍ ሁሉ በሻንጣ እየጎተተ ይገባ ነበር። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ግን በኮምፒውተር ሆነ። አሁን የራስህን መጽሐፍ ይዘህ አትገባም፤ የሲቪል ሃንድቡኩና የዲዛይን ስታንዳርዶቹ እዚያው ስክሪኑ ላይ ይቀርቡልሃል።

«እንግዲያ ምን የሚመረጥ አለ?» የሚሉን አልጠፉም። አለ እንጂ! ሻንጣው ከፈተና ክፍሉ ወጥቶ ላፕቶፕ ውስጥ ገባ። የሚያጠና ልጅ ሁሉ በቴሌግራም የተላከለት የፒዲኤፍ ክምር አለው። ሲያወርድ የተማረ ይመስለዋል። ወዳጆቻችን፣ ማውረድ ማንበብ አይደለም።

ስለዚህ ምርጫችን ይህ ነው። አንደኛ ሃንድቡኩ። ኤንሲኢኢኤስ ላይ አካውንት ለከፈተ በነጻ ይወርዳል። አታትሙት፤ በስክሪን ተለማመዱት። በፈተናው ቀን የምትፈልጉት በስክሪን ነውና ጣታችሁም ዓይናችሁም ይልመደው። ቀመሩ በምን ስም እንደተጻፈ ያላወቀ ሰው መፈለጊያው ላይ ምን ብሎ ይጽፋል? ወፍራሞቹ የዝግጅት መጻሕፍት፣ የሊንደበርግን ጨምሮ፣ ነገሩን ለመረዳት ጥሩ ናቸው። ለመልመጃ ግን ሃንድቡኩን አይተኩም።

ሁለተኛ ዕትም። ድርጅቱ የትኛውን ስታንዳርድ በየትኛው ዕትም እንደሚጠቀም ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ጋር ያልገጠመ መጽሐፍ፣ የወንድም ስጦታም ቢሆን፣ ወደ ጎን ይቀመጥ። የኤሲአይ 318 የ2014ና የ2019 ዕትሞች በሸር ስሌት ላይ ይለያያሉ። በአሮጌው ያጠና ሰው ቀመሩን በትክክል ሠርቶ መልሱን ሊስት ይችላል።

ሦስተኛው የእኛው የሐበሾቹ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችሁ የተማራችሁት እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ ነው። በዚያ ኮድ ሲ-25 ሲባል የኪዩብ ጥንካሬ ነው፤ የሲሊንደሩ 20 ሜጋፓስካል ነው። ኤሲአይ የሚያውቀው የሲሊንደሩን ነው፤ ወደ 2,900 ፒኤስአይ ማለት ነው። 25ቱን እንዳለ የመነዘረ ግን 3,600 ገደማ ይዞ ቁጭ ይላል። ደግሞም እኛ ኮንክሪቱን ለ1.5፣ ፌሮውን ለ1.15 እናካፍላለን፤ ኤሲአይ ግን የአባሉን ጥንካሬ አስልቶ ሲጨርስ በፋይ ያባዛዋል። ሁለቱን ያደባለቀ ከሁለቱም የለም። የአገር ቤቱ ደብተር የተማራችሁበት ነውና ይከበር፤ በዝግጅት ወራት ግን ከጠረጴዛው ይነሳ።

«ድሃ ምን ይምረጥ? ያገኘውን ያንብብ እንጂ» የሚለውን ክርክር እንረዳለን። ስታንዳርድ መግዛት ኪስ ይጎዳል። ግን ጊዜም ገንዘብ ነው። ቀን መኪና እየነዳ ወይም ፓርኪንግ እየሠራ ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ ላለው መሐንዲስ፣ የተሳሳተ መጽሐፍ ላይ የጠፋ ወር ከመጽሐፉ ዋጋ ይበልጣል። ቢወድቅ ክፍያውን እንደገና ይከፍላል፤ ማኅተሙን የሚይዝበት ቀንም ይርቃል። ደሞዙና ወንበሩ ደግሞ ማኅተሙን ተከትለው ነው የሚመጡት።

ላለፋችሁት አንድ ነገር እንለምን። ለተከታዩ ልጅ ፎልደር አትላኩለት። አንድ ቅዳሜ አጠገቡ ተቀመጡና የትኛውን ከፍታችሁ የትኛውን እንደተዋችሁ ንገሩት። በቡና ሰዓት የሚያልቅ ወሬ ነው፤ ለእሱ ግን የወራት ልፋት ያተርፍለታል።

ቸር ይግጠማችሁ!