የቤት ቦታ ከመምራት በፊት የድንጋዩን ካርታ ማየት ይገባል

ካርታ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ወሰንና ወደ ይዞታ ነው። የጂኦሎጂ ካርታ ግን የሚያሳየው የመሬቱን ባለይዞታ ሳይሆን ከአፈሩ በታች ያለውን የድንጋይ ዓይነት፣ የንብርብሩን ተራና የተሰነጠቀበትን ቦታ ነው። ይህ ካርታ ለማዕድን ፈላጊ ብቻ የሚጠቅም አለመሆኑን ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የደብረ ሲና አካባቢ አደጋ አስተምሮናል።

እንደሚታወቀው፣ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ሲና አጠገብ በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ መሬቱ ተንሸራቶ ማሳና መኖሪያ ቤት ጠፍቷል፤ አያሌ ቤተሰብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ከታርማበር ቁልቁል ያለው አገር ተዳፋት ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ጠንካራውና ልሉ እየተፈራረቀ ተነባብሯል፤ ስምጥ ሸለቆው ሲፈጠርም ብዙ ቦታ ተሰነጣጥቋል። የክረምቱ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ልል የሆነውን ንብርብር ሲያረጥበው ከላይ ያለው መሬት መያዣ ያጣል። ዝናቡን ማስቀረት አይቻልም፤ ስንጥቁንና ልሉን ንብርብር ግን አስቀድሞ አጥንቶ በካርታ ላይ ማስፈር ይቻላል።

የአገራችን አጠቃላይ የጂኦሎጂ ካርታ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል፤ በ1996ም ተሻሽሎ ወጥቷል። ታርማበርና መገዘዝ የተባሉት የሰሜን ሸዋ ስሞች በዚሁ ካርታ የድንጋይ ንብርብር መጠሪያ ሆነዋል። ይሁን እንጂ በካርታው 1 ሳንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትርን ስለሚወክል አንድ የገበሬ ማኅበር ከጥፍር ብዙም አይበልጥም። ለቤት ቦታ መምረጫ ዝርዝር ካርታና ቦታውን በእግሩ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል።

የሙያው ሕግ በየትም አንድ ነው። የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል፤ ስንጥቁም ከሰነጠቀው ድንጋይ በኋላ የመጣ ነው። በዚሁ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2020 የመላው ጨረቃ ገጽ የጂኦሎጂ ካርታ ወጥቷል። አብዛኛው ሥራ የተሠራው ከሩቅ በተነሣ ፎቶግራፍ ነው፤ በጨረቃ ላይ የሚጠየቅ ነዋሪ የለምና። በእኛ ዘንድ ግን ምንጩ መቼ እንደደፈረሰ፣ አጥሩ ወዴት እንዳዘነበለ የሚያውቅ ገበሬ አለ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል።

ስለዚህም የገበሬ ማኅበር መሪዎች በተዳፋት ላይ የቤት፣ የትምህርት ቤት ወይም የጤና ጣቢያ ቦታ ከመምራታቸው በፊት አካባቢው በጂኦሎጂ ባለሙያ እንዲታይ ወረዳውን መጠየቅ ይገባቸዋል። አዲስ ስንጥቅ፣ የጠፋ ወይም ድንገት የፈለቀ ምንጭ፣ ያዘነበለ ዛፍ ሲታይ ቦታውና ቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጥ። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ወደ ስንጥቅ እንዳይገባ ይደረግ። ስንጥቁ በክረምት እየሰፋ ከሄደ ደግሞ ባለሙያ እስኪመጣ ሳይጠበቅ ከሥሩ ያለውን ቤተሰብ ማንሣት ያስፈልጋል።

መሬት ጠቧል፣ ገደል ሥር ያለውን ደልዳላ ቦታ እንዴት እንተወዋለን የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ደልዳላ ቦታ አንዳንዴ ራሱ የቀድሞ ናዳ የተከመረበት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። አንድ ጊዜ የሄደ መሬት ዳግም ሊሄድ ይችላል። እርሻ ሊታረስበት የሚችል ቦታ ሁሉ ልጆች የሚያድሩበት ቦታ ሊሆን አይችልም፤ ሁለቱን የመለየቱ ኃላፊነት ቦታ በሚመራው ሰው ላይ ነው።